40 ዓመት የቆመ ሞዴል ቲ፦ ከቀለሙ በፊት ዲፈረንሻሉን

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ከአጎቴ የ1923 ፎርድ ሞዴል ቲ ደርሶኛል። መጋዘን ውስጥ 40 ዓመት ያህል ቆሟል። ሞተሩ አይዞርም፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ጎማው ደርቋል። ሙሉ በሙሉ ፈታትቼ፣ ቀይ ቀለም ቀብቼ እንደ አዲስ ላድርገው? ወይስ ሞተሩን ብቻ አስነስቼ ልንዳው? በዛሬ መንገድስ እንዲህ ያለ መኪና መንዳት ይቻላል?» (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጨረሻው ልጀምር። ይቻላል። 100 ዓመት አልፎታል ብለው አይፍሩ። ይነሳል፣ ይነዳል፣ የተሳፈረበትን ሁሉ ያስደስታል። በሁለቱ ሐሳቦችዎ ግን አልስማማም። ቀለሙም ሞተሩም ይቆዩ። መጀመሪያ የኋላውን ዲፈረንሻል፣ ማለት የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የጥርስ ሳጥን፣ ይክፈቱ። ሞተሩ ሳይነሳ ዲፈረንሻል ምን ይሠራል እንደሚሉ አውቃለሁ። ምክንያቱን ልንገርዎ።

በዛሬ መኪና ፍሬን ሲረግጡ አራቱም ጎማ ላይ ይይዛል። ሞዴል ቲ እንዲያ አይደለም። የእግር ፍሬኑ ያለው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ነው። ፔዳሉን ሲረግጡ አንድ የብረት ቀበቶ የሚዞረውን ከበሮ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ከበሮው ሲቆም ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ ሲቆም ዲፈረንሻሉ፣ ቀጥሎ ሴሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ)፣ በመጨረሻ የኋላው ጎማ ይቆማል። የፊት ጎማ ላይ ምንም ፍሬን የለም። እንግዲህ ከካምቢዮው እስከ ኋላ ጎማ ድረስ አንድ ነገር ከተላቀቀ፣ መኪናው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ፍሬኑንም አብሮ ያጣል።

የሚላቀቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። ኮሮናው (ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት) ከፒኞኑ (ከሚያዞረው ትንሽ ጥርስ) ጋር ጥርስ ለጥርስ እንደተያያዘ እንዲቆይ ግራና ቀኝ የሚደግፉት ዋሸሮች አሉ። ፋብሪካው የሠራቸው ባቢት ከሚባል ለስላሳ ነጭ ቅይጥ ነው። አዲስ ሳለ ጥሩ ነው። ዕድሜ ሲጫነው ግን ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ይፈረፈራል። ሲፈረፈር ኮሮናው ከፒኞኑ ይሸሻል። ይህ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ፔዳሉን ሲረግጡ ካምቢዮው ይቆማል፤ መኪናው ግን መውረዱን ይቀጥላል።

የገጠመኝን ልንገርዎ። ሻጩ «የኋላው በሙሉ ተሠርቷል» ብሎ ያስረከበኝ ሞዴል ቲ ነበር። አመንኩት። ሁለት ቀን ነዳሁት። ድምፁ ጸጥ ያለ፣ አካሄዱ ለስላሳ። በሦስተኛው ቀን የዲፈረንሻሉን ዘይት ልቀይር ብዬ ትሪ ላይ አፈሰስኩት። ጥቁርና ወፍራም ነው። መብራት ሳበራበት ውስጡ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጣቴን ነክሬ ሳሸው የሩዝ ፍሬ የሚያህል ግራጫ ፍርፋሪ አገኘሁ። በጥፍሬ ስጫነው እንደ ደረቅ ጭቃ ስብር አለ። ዲፈረንሻሉን ስከፍተው በአንዱ በኩል መኖር የነበረበት ዋሸር የለም። ለካ ትሪው ላይ የፈሰሰው እሱ ነው። ከአንድ ቀን በፊት በዚያው መኪና ሰው ጭኜ ረጅም ቁልቁለት ወርጄ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ያላየውን ዲፈረንሻል ተሠርቷል ቢሉኝ አልቀበልም። እርስዎም አይቀበሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የባቢት ዋሸሮቹን አውጥቶ በነሐስ መተካት ነው። ነሐስ አይፈረፈርም። ከተከፈተ አይቀር ኩሽኔታዎቹንና የሴሚያሶቹን ጫፍ አብረው ይዩ። ሲዘጉ የሚሞሉት ዘይት ላይ ይጠንቀቁ፤ ድኝ የበዛበት አንዳንድ ዘመናዊ የዲፈረንሻል ዘይት ነሐስን ይበላል። ለነሐስ የሚስማማ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ። ከዚያ በተጨማሪ የኋላ ቸርኬዎቹ ላይ በቀጥታ የሚይዝ ተጨማሪ ፍሬን ያስገጥሙ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ለዚሁ መኪና ተብሎ የሚሠራ አለ፤ ከእግር ፍሬኑ ፔዳል ጋር ይያያዛል። የፋብሪካው የእጅ ፍሬን የኋላ ከበሮ ላይ ቢይዝም መኪናውን አቁሞ ለመተው እንጂ በሩጫ ላይ ለማስቆም አቅም የለውም። «የፋብሪካ ዕቃ አይደለም» ብለው የሚተቹ ይኖራሉ። በዚህ ነገር አልከራከርም። መኪናው መቆም አለበት።

ዕቃው ከየት ይገኛል እንዳይሉ፤ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነዎት። ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ያህል ተመርቷል። ዋሸሩ፣ ጋርኒሲዮኑ (በብረቶች መሐል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ጎማው፣ የካምቢዮው ቀበቶ ሸራ ዛሬም በአዲስ ይሠራል፤ ሲመጣም ልክክ ብሎ ይገባል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልዎ። በዚያ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ብዙ መኪና የሚሠራው ዕቃው በእጅ እየተሞረደ፣ አንዱ ለአንዱ እየተለካ ነበር። በ1908 እንግሊዝ አገር ብሩክላንድስ በተባለው የመኪና ሜዳ ሦስት ካዲላኮች ተፈታትተው፣ ዕቃቸው ተደባልቆ፣ እንደገና ተገጣጥመው ሲነዱ የሰው ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። ፎርድ ይህንኑ በብዛት አደረገው። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ውስጥ የሚንቀሳቀስ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። ቀድሞ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ (የመኪናው ዋና አጽም) መገጣጠም በ1914 በ93 ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። እርስዎ ዛሬ ዋሸር በቀላሉ የሚያገኙት በዚያ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ጎማና መሪ። ቸርኬዎ እንጨት ነው፤ ሂኮሪ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ የተሠራ። መኪናውን በክሪክ ያንሱና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። የእንጨቶቹ ሥር «ቅጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ላልቷል። አንዳንዱ ሰው ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። እንጨቱ ያብጥና ይጠብቃል፤ እውነት ነው። ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ይላላል፤ ውስጡም ይበሰብሳል። ይህን አያድርጉ። የላላ ቸርኬ በአዲስ እንጨት ይሠራል፤ ሌላ መንገድ የለውም። 40 ዓመት የቆየ ጎማ ደግሞ ዓይን ቢሞላም ወዲያ ይጣል። አዲሱን ሲያስገጥሙ ንፋሱን አይሳሱ። የዚህ መኪና ጎማ ከቸርኬው ከንፈር ጋር ተጣብቆ የሚቆየው በንፋሱ ጉልበት ነው። 4 ባር ገደማ ይፈልጋል። ለዛሬ መኪና የምንሞላውን ያህል ብቻ ከሞሉት ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የንፋስ መሙያውን ይገነጥለዋል፤ ኩርባ ላይ ሊወልቅም ይችላል።

መሪው ላይ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅዎ ይነቅንቁ። ዳዶ እንዳይፈታ የሚቆልፉት ስንጥቅ ፒኖች ሁሉ በቦታቸው መሆናቸውን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ አሮጌዎቹን በአዲስ ይቀይሩ። የፊቱን አክሰል የሚይዙት ሁለት ዘንጎች ሞተሩ ሥር በአንድ ኳስ ላይ ይገናኛሉ። ያ ኳስ ከላላ መኪናው መንገድ ላይ ይዋልላል። መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው ሲመልሱት ሳያንገራግር መመለስ አለበት። የተበላ መሪ ጥግ አልፎ ሊገለበጥና እዚያው ሊነክስ ይችላል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንሂድ። አራት ሲሊንደር፣ 2.9 ሊትር፣ 20 የፈረስ ጉልበት ነው። ቀላል ሞተር ነው፤ ቀላል ስለሆነም ታጋሽ ነው። አይዞርም ማለት አብዛኛውን ጊዜ ፋሻዎቹ (ፒስቶኑን የሚከቡት ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቀዋል ማለት ነው። በሌላ መኪና ጎትቶ ማስነሳት የሚባለውን ምክር ይርሱት። ቢዬላ (ፒስቶኑን ከኮሎው፣ ማለት ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) የሚታጠፈው፣ ፒስቶን የሚሰነጠቀው በዚህ ነው።

ቴስታውን ያውርዱ። በዚህ ሞተር ቫልቮቹ ያሉት ብሎኩ ውስጥ ስለሆነ ቴስታው ክዳን ብቻ ነው። 15 ቡሎን ይዞታል። ቡሎኖቹን በአንድ ጊዜ በጉልበት አይጠምዝዙ። ዘይት ያጠጧቸው፣ ይቆዩ፣ ትንሽ ያሙቋቸው፣ ትንሽ ፈታ ትንሽ ጠበቅ እያደረጉ ያለማምዷቸው። አንድ ቡሎን ቢሰበር የቀረውን ለማውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ቴስታው ሲነሳ አራቱም ፒስቶን ፊት ለፊትዎ ነው። ዝገቱን በዓይንዎ ያዩታል። አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅለው በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ያፍስሱ። አሴቶን እሳት ይወዳል። በር ከፍተው፣ ሲጋራም ክብሪትም አርቀው ይሥሩ። ተንኖ ስለሚጎድል በየጠዋቱ ይጨምሩበት።

ከዚያ ይጠብቁ። ሳምንት ይሁን፣ ሦስት ሳምንት ይሁን። በዚህ መሐል ቫልቮቹን ያላቁ፤ የተጣበቀ ቫልቭ እያለ ሞተር አይዞርም። ከዚያ ከላይ ጫፍ ያልደረሰውን ፒስቶን መርጠው በላዩ ደህና ወፍራም እንጨት ያስቀምጡና በመዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት። ጫፍ ላይ ያለው ፒስቶን ከተመታ ምቱ በቀጥታ ኮሎው ላይ ያርፋል እንጂ አያዞረውም። የእጅ ማስነሻውን ደግሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም በጥቂቱ ይሞክሩ። አንድ ቀን፣ ምንም ሳይጠብቁ፣ ከፒስቶኑ ጠርዝ ሥር ቀጭን የጠራች የብረት መስመር ብቅ ትላለች። አንድ ሚሊ ሜትር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ስንት ሞተር አላቅቄ እስከ ዛሬ ያቺ መስመር ስትታይ ልቤ ይመታል። እዚያ ላይ ግን መታገስ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ፣ እንደገና ዘይት።

ሲዞር ወዲያው እንዲያስነሱት እጅዎ ያሳክክዎታል። ይቆዩ። ይህ ሞተር የዘይት ፖምፓ የለውም። ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ሲዞር ዘይቱን ይረጫል፤ ከተረጨው ጥቂቱ በአንድ ትንሽ ቱቦ ወደ ፊት ይፈሳል። ቢዬላዎቹም ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ትሪ) ውስጥ ካሉት ጉድጓዶች እየጨለፉ ራሳቸውን ያጠጣሉ። ያ ቱቦ በ40 ዓመት ዝቃጭ ከተደፈነ የፊቱ ቢዬላ ዘይት ሳያገኝ ይቃጠላል። ስለዚህ ኮፓው ሥር ያለውን መክፈቻ ይክፈቱ፣ ዝቃጩን ጥርግ አድርገው ያውጡ፣ ቱቦው ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። እጅዎ ገብቶ እያለ እያንዳንዱን ቢዬላ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይሞክሩት። ኳ ኳ ካለ ወይም ዝቃጩ ውስጥ ነጭ ስባሪ ካገኙ ቢዬላው ውስጥ የተነጠፈው ባቢት አልቋል። ባቢት ማፍሰስ የራሱ ባለሙያ አለው። እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ።

የዘይቱን መጠን የሚያዩት ኮፓው ላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች ነው። የላይኛው ሲከፈት ዘይት ከፈሰሰ ሞልቷል። ከታችኛው ካልፈሰሰ ሞተሩን አያስነሱ። የውኃ ፖምፓም የለውም። የሞቀው ውኃ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ከራዲያተሩ ሥር ይገባል። ይህ የሚሠራው ራዲያተሩ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው። «ሞዴል ቲ ይፈላል» የሚባለው ሐሜት አብዛኛው የቆሻሻ ራዲያተር ጥፋት ነው።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። እያንዳንዱ ሲሊንደር በእንጨት ሳጥን ውስጥ የራሱ ቦቢና (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚያመነጭ) አለው፤ ሲሠራ እንደ ንብ ይጮኻል። ውስጡ ያለው ኮንደንሰር ከዕድሜ ብዛት ስለሚደክም በአዲስ ይለወጥ፤ ቦቢናዎቹም ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ይስተካከሉ። ሳጥኑ እርጥበት ከጠጣ እሳቱ በእንጨቱ በኩል ይጠፋል። ባትሪ በምንም ምክንያት ከማግኔቶው (ቮላኖው ላይ ባሉ ማግኔቶች ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) ጋር አያገናኙ፤ ማግኔቶቹን ያደክማቸዋል። ባትሪው ወልቆ እያለ ዲናሞው እንዲሠራ አይተዉት፤ ይቃጠላል። የድሮው ሽቦ መስመር ፊውዝ የለውም፤ አንድ ያስገቡበት።

ቤንዚኑ ደግሞ ከሚገምቱት በላይ ቀላል ነው። የሞተሩ እምቂያ (ፒስቶኑ የቤንዚኑንና የአየሩን ቅልቅል የሚጨምቅበት መጠን) 4 ለ 1 ገደማ ብቻ ስለሆነ ማንኛውም የዛሬ ቤንዚን ይበቃዋል። «እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ይጎዳዋል» ቢሉዎት አይስሙ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለገበያ የወጣው በ1923 ነው። መኪናው የተፈጠረው ከዚያ በፊት ነው። የሚያስቸግረው አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው፤ ድሮ የነበረውን ላስቲክና ቡሽ ያበላሻል። ለረጅም ጊዜ የሚያቆሙት ከሆነ አፍስሰው ያቁሙት። ሳልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ያለው ወንበሩ ሥር ነው፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ሳልባትዮው ጎድሎ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ከደረሱ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶሩ አይደርስም። የድሮ ሹፌሮች ዳገቱን በኋላ ማርሽ የሚወጡት ለዚህ ነበር። አንድ ነገር በጥብቅ ልበል። የሚያፈስ ሳልባትዮ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ጋዝ ይፈነዳል። ራስዎ በእሳት አይበይዱት።

አሁን ስለ ቀይ ቀለሙ። ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ከፋብሪካው የሚወጣው ሞዴል ቲ ጥቁር ብቻ ነበር። የ1923 መኪና ቀይ ሆኖ አልወጣም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቀለሙ ዓይነት ብቻ አይደለም። ደብዝዟል ያሉት ያ ጥቁር ቀለም የፋብሪካው ከሆነ፣ ከተፋቀ በኋላ በምንም ገንዘብ አይመለስም። የበሩ ጠርዝ ላይ የአጎትዎ እጅ አርፎበት የሳሳ ቦታ ይኖራል። የፔዳሉ ብረት ላይ የጫማቸው ልክ ይኖራል። ያ ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ ይጠፋል። የጥንት ተሽከርካሪ ክበቦችን የሚያሰባስበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ከማደስ ይልቅ መጠበቅ ይቅደም፣ የግድ የሆነው ብቻ ይነካ ይላል። እኔም በልቤ የማምነው እሱን ነው። ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ወንበሩ ሥር የማይታይ ቦታ ላይ ይሞክሩ። ከዚያ ሰም ይቀቡት። ከአቧራው ሥር የሚወጣው ጥቁር ያስገርምዎታል።

አንድ ነገር ግን በቀለም አይሸፈንም። የአካሉ ላሜራ የተመታው የእንጨት ቋሚና አግዳሚ ላይ ነው። በወስፌ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ወስፌው ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል፤ እሱ መተካት አለበት። በሩ የማይዘጋ፣ አካሉ የሚንጫጫ ከሆነ ምክንያቱ ከላሜራው ይልቅ እንጨቱ ነው። እየሠሩ ሳለ የድሮ የፍሬን ሸራና ጋርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በኮምፕሬሰር አይንፉት፤ በደረቁ አይፈግፍጉት። አርጥበው፣ ደህና ጭምብል አድርገው ይሥሩ።

መንዳት። በ1919 ሞዴል ቲ ላይ ሞተሪኖ (ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ) መግጠም ስለተጀመረ የእርስዎም ይኖረው ይሆናል። ቢኖረውም በእጅ ማስነሳቱን ይማሩ። መጀመሪያ ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ይህ ፍሬኑን ይይዛል፣ መኪናውንም ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) ያደርገዋል። ከመሪው ሥር ሁለት እጀታ አለ። ግራው እሳቱን ያስቀድማል ወይም ያዘገያል፤ ቀኙ ቤንዚን ይሰጣል። ግራውን እስከ ላይኛው ጥግ ይግፉት። ይህን አይርሱ። እሳቱ ከቀደመ ወደ ላይ በመምጣት ላይ ያለውን ፒስቶን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ማስነሻውም እጅዎ ላይ ይገለበጣል። ስንት የእጅ አንጓ በዚህ ተሰብሯል። ማስነሻውን በግራ እጅ ይያዙ። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን፤ እጀታውን አይቀፍ። ከታች ወደ ላይ ይሳቡ። ወደ ታች በጭራሽ አይጫኑ። ግድግዳ ፊት ቆመውም አያስነሱ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ስለሚጣበቁ መኪናው እንደተነሳ ወደ እርስዎ ሊጠጋ ይችላል።

ሲነሳ ግራውን እጀታ ቀስ ብለው ወደ ታች ያውርዱት። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይለሰልሳል። ያን ለውጥ በጆሮዎ ይልመዱት። በየዳገቱና በየሜዳው እሳቱን የሚያስተካክሉት እርስዎ ነዎት።

ፔዳሎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱም የለመዱት አይደለም። የግራው እስከ ወለሉ ሲረገጥ አንደኛ ማርሽ ነው፤ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ፎሌ፤ ሲለቀቅ ሁለተኛ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬኑ ወደ ፊት ከተገፋ ማለት ነው። የመሐሉ የኋላ ማርሽ ነው። የቀኙ ፍሬን ነው። ወደ ፊት የሚሄደው በእነዚህ ሁለት ማርሾች ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ሌሎች መኪኖች ማርሽ ሲቀየርላቸው ጥርስ ለጥርስ እየተፋጩ ይጮኹ ነበር። ማርሽን ያለ ጩኸት የሚያስገባው ሲንክሮ በካዲላክ የመጣው በ1928 ነው። ሞዴል ቲ ማርሹን በቀበቶና በከበሮ ስለሚይዝ ይህ ጣጣ አልነካውም።

አደጋው ያለው ልማድዎ ውስጥ ነው። የዛሬ ሹፌር ሲደነግጥ የግራ እግሩ ፍሪሲዮን ብሎ እስከ ወለሉ ይረግጣል። ሞዴል ቲ ላይ ያ አንደኛ ማርሽ ነው። ልቁም ያሉት መኪና ይገፋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ሰፊ ባዶ ሜዳ ያግኙ። ለሰዓታት ይነሱ፣ ይቁሙ፣ ይነሱ፣ ይቁሙ። አጠገብዎ ያለ ሰው ድንገት «ቁም!» ይበልዎ። ጭንቅላትዎ ሳይሆን እግርዎ እስኪያውቅ ድረስ ይህን ይደጋግሙ። ማቆም ማለት ቤንዚኑን በእጅ መቀነስ፣ ግራውን እስከ ግማሽ መርገጥ፣ ቀኙን መጫን ነው። ፍሬኑ እምቢ ካለ የመሐለኛውን ይጫኑ፤ የኋላ ማርሹም መኪናውን ያዘገየዋል።

ይህ መኪና በጥሩ ሁኔታ ላይ ሆኖ በሰዓት ከ65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እኔ ከ50 አላስበልጠውም። ፊትዎ ያለውን ርቀት ከለመዱት በእጥፍ ያርቁት፤ ቀዳዳ አይቶ የሚገባ መኪና ሁሌ ይኖራል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፤ መሐል ላይ ከደረሱ በኋላ አይደለም። ማታ አይንዱ። መብራቱ ለእርስዎ መንገድ ለማሳየት ይሞክር ይሆናል፤ ከኋላ ለሚመጣው ግን እርስዎን አያሳይም። ቀንም ቢሆን የኋላ መብራት ያጠናክሩ።

ከየጉዞው በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ሁለቱንም የኋላ ቸርኬ መሐል በመዳፍዎ ይንኩ። አንዱ ከሌላው ከሞቀ እዚያ የሚፋጭ ነገር አለ። ከዚያ የዘይቱን ቧንቧ ይክፈቱ፣ ጎማውን ይዩ፣ ቡሎኖቹን ይፈትሹ። አሥር ደቂቃ ነው።

ለጊዜው ግን ይህ ሁሉ ይቆይ። ዲፈረንሻሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ ዘይቱን ነጭ ትሪ ላይ ያፍስሱት፤ በመብራት ይዩት፣ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ዋሸሮቹም ሲወጡ ግራና ቀኙን ለይተው፣ ከሁለቱም ፊት ያንሷቸው። የካምቢዮውን ቀበቶ ሸራ ከምን እንደምንመርጥ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።